የቪዲዮ ፖድካስትና የገቢው ምንጭ

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ አስረጂ ድርሰት ነው። አስረጂ ድርሰት የአንድን ነገር ምንነት፣ አሠራርና ውጤት በቅደም ተከተል ያብራራል። ምንባቡን ስታነቡ እያንዳንዱ አንቀጽ ከቀደመው አንቀጽ ጋር በምን ቃል ወይም በምን ሐሳብ እንደተያያዘ አስተውሉ።

ምንባብ

ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ መጨዋወት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በቡና ሰዓት፣ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ለዛ ያለው ተናጋሪ አድማጭ አጥቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ጨዋታ ዐዋቂ ለጨዋታው የሚያገኘው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ምስጋናና ምርቃት ብቻ ነበር። ንግግሩን ለብዙ ሕዝብ ለማሰማት የሚሻ ሰው ቢኖር እንኳ በራዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ጣቢያ በኩል ማለፍ ነበረበት። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለረዥም ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ስለነበር በመስኮቱ ብቅ የሚሉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን የእጅ ስልክ ያለው ወጣት ከጓደኛው ጋር ያደረገውን ጭውውት ቀርጾ በልዩ ልዩ አህጉራት ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ማድረስ ይችላል። ከዚህም ሥራ መተዳደሪያ የሚያገኙ ሰዎች አሉ። ለመሆኑ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይሰላል? ከሠሪው የሚጠይቀውስ ምንድን ነው?

ሀ. ምንነቱና አመጣጡ

ፖድካስት ማለት በተከታታይ ክፍሎች እየተዘጋጀ በኢንተርኔት የሚቀርብና አድማጩ በፈለገው ሰዓት ከፍቶ የሚያዳምጠው ዝግጅት ማለት ነው። ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2004 ጋርዲያን በተባለው ጋዜጣ ላይ ቃሉን ተጠቀመበት። ቃሉ የተሠራው አይፖድ ከተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያ ስምና «ሥርጭት» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በመጀመሪያው ዘመን ፖድካስት የሚደመጥ እንጂ የሚታይ አልነበረም። እያደር ግን አዘጋጆች ጭውውታቸውን በካሜራ ጭምር መቅረጽ ጀመሩ፤ በዚህም ቪዲዮ ፖድካስት የሚባለው ዓይነት ተስፋፋ።

ለዚህ መስፋፋት ትልቁን መድረክ የሰጠው ዩቲዩብ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሠረተ፤ በ2006 ጉግል ገዛው፤ በ2007 ደግሞ ቪዲዮ አዘጋጆችን ከማስታወቂያ ገቢ ማካፈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው በየወሩ ከ1 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በመድረኩ ፖድካስት እንደሚከታተሉ አስታውቋል። ከዚህ የምንረዳው ረዥም ጭውውት የሚሻ ሕዝብ እጅግ ብዙ መሆኑን ነው።

ለ. የገቢው ምንጮች

የቪዲዮ ፖድካስት ገቢ ከአንድ ምንጭ ብቻ አይቀዳም። ዋና ዋናዎቹ ምንጮች አራት ናቸው።

አንደኛው የማስታወቂያ ድርሻ ነው። ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ለማስተዋወቅ የሚፈልግ ድርጅት ለዩቲዩብ ይከፍላል፤ ዩቲዩብም ማስታወቂያውን በቪዲዮው መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ላይ ያሳያል። በረዥም ቪዲዮ ላይ ከታየ ማስታወቂያ ከተገኘው ገንዘብ ከመቶው 55 እጅ ለአዘጋጁ፣ 45 እጅ ደግሞ ለኩባንያው ይሆናል። ርዝመቱ ከ8 ደቂቃ ያላነሰ ቪዲዮ በመካከሉም ማስታወቂያ እንዲገባበት ስለሚፈቀድ የአንድ ሰዓት ጭውውት ለዚህ ዓይነቱ ገቢ የተመቸ ነው።

የማስታወቂያ ዋጋ ግን እንደ ስኳር ወይም እንደ ጨው በኪሎ የተተመነ አይደለም። አስተዋዋቂዎች እየተጫረቱ የሚወስኑት በመሆኑ እንደ ተመልካቹ አገር፣ እንደሚነገረው ጉዳይና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። አሜሪካ ለሚኖር ሸማች ለመድረስ የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው አዲስ አበባ ለሚኖረው ከሚከፈለው ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀረጸ የአማርኛ ጭውውት ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲመለከቱት የሚያስገኘው ገንዘብ ከፍ ይላል። በተመልካች ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት ቻናሎች በገቢ የሚለያዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የስፖንሰር ክፍያ ነው። በዚህኛው መንገድ ድርጅቱ የሚዋዋለው በቀጥታ ከአዘጋጁ ጋር ነው፤ አዘጋጁም በጭውውቱ መካከል የድርጅቱን ስምና ሥራ ያስተዋውቃል። እዚህ ላይ ከተመልካቹ ብዛት ይልቅ የተመልካቹ ማንነት ሊመዝን ይችላል። ለምሳሌ ያህል ስለ ዶሮ እርባታ የሚወያይ ፖድካስት 2,000 ቋሚ ተመልካቾች ብቻ አሉት እንበል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ዶሮ አርቢዎች ከሆኑ ለመኖ ነጋዴ ከ50,000 መንገደኛ ተመልካቾች ይበልጥ ይጠቅሙታል። ስለዚህም «ማን ይመለከተኛል?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ሰው ይመለከተኛል?» ከሚለው ጥያቄ ያነሰ አይደለም።

ሦስተኛው ከተመልካቾች በቀጥታ የሚገኝ ድጋፍ ነው። አንዳንድ ተመልካቾች በየወሩ መጠነኛ ገንዘብ እየከፈሉ የቻናሉ አባል ይሆናሉ፤ ሌሎች ደግሞ በቀጥታ ሥርጭት ጊዜ ስጦታ ይልካሉ። ከዚህ ዓይነቱ ገቢ ዩቲዩብ ለአዘጋጁ የሚሰጠው ከመቶው 70 እጅ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ለአንድ ደጋፊ የሚከብደው ወጪ በብዙዎች ሲከፋፈል ይቀላል።

አራተኛው የአዘጋጁ የራሱ ሥራ ነው። ስለ ሒሳብ ትምህርት የሚያወያይ መምህር አስጠኚነቱን፣ ስለ ልብስ ስፌት የሚያወያይ ባለሙያ ሥራውን የሚፈልጉ ሰዎች በፖድካስቱ አማካይነት ያገኛል። ፖድካስቱ ራሱ አንድ ብር ባያስገኝ እንኳ የባለሙያውን ደጃፍ ለደንበኛ ይከፍታል።

ሐ. ሒሳቡ

ከማስታወቂያ ድርሻ ለማግኘት የሚያስፈልጉ መመዘኛዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሚሠራበት ደንብ መሠረት አንድ ቻናል ቢያንስ 1,000 ተከታዮችና ባለፉት 12 ወራት የተመዘገበ 4,000 የእይታ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። በአጫጭር ቪዲዮዎች የሚሠሩ ሰዎች የሚመዘኑበት ሌላ ስሌት አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዝቅ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ተጨምሯል፤ ይኸውም 500 ተከታዮች፣ በ90 ቀን ውስጥ 3 ቪዲዮዎችና 3,000 የእይታ ሰዓት ላለው ቻናል ከተመልካቾች ድጋፍ የመቀበልን ዕድል የሚሰጥ ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ስለሆነ የሚኖሩበት አገር በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ከሁሉ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ወጣትም ክፍያውን የሚቀበለው በወላጁ ወይም በአሳዳጊው ሒሳብ በኩል ነው።

አሁን ቁጥሩን በሚገባ እንመርምረው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ጭውውቱን ከፍቶ በአማካይ 12 ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ 20,000 እይታ ያስፈልጋል። በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚያቀርብ አዘጋጅ በዓመት 52 ክፍሎች ስለሚኖሩት ለእያንዳንዱ ክፍል 385 ያህል ተመልካች ማግኘት ይበቃዋል። ተመልካቹ በ3 ደቂቃ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው እይታ ወደ 80,000 ያሻቅባል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ክፍል ከ1,500 በላይ ተመልካች ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰው እንዲገባ ማድረግ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ገቢውን የሚወስነው የገባው ሰው ጆሮ ሰጥቶ መቆየቱ ነው።

መመዘኛው ከተሟላ በኋላም ገንዘቡ ወዲያውኑ እጅ አይገባም። የተጠራቀመው ሒሳብ 10 ዶላር ሲደርስ የአዘጋጁን አድራሻ ለማረጋገጥ የምሥጢር ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በፖስታ ይላካል። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት ነው። ክፍያው የሚላከው ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር ከሞላ በኋላ ነው።

ግብርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ ከሚኖሩ ተመልካቾች የተገኘው ገቢ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ግብር ይቀነስበታል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ይህን የሚያቀልል የግብር ስምምነት ስለሌላት ነዋሪነቱ በኢትዮጵያ ከሆነ አዘጋጅ የሚቀነሰው ከመቶው 30 እጅ ነው። ለምሳሌ አንድ አዘጋጅ በወር 300 ዶላር አገኘ፤ ከዚህም ውስጥ 200 ዶላሩ ከአሜሪካ ተመልካቾች የመጣ ነው እንበል። ግብሩ 60 ዶላር ይሆንና 240 ዶላር ይተርፈዋል። የግብር ቅጹን ሳይሞላ ቢቀር ግን ከመላው ገቢው እስከ 24 በመቶ፣ ማለትም እስከ 72 ዶላር ሊቀነስበት ይችላል። ቅጽ መሙላትን እንደ ተራ ነገር የሚቆጥር ሰው ዋጋውን እንዲህ ይከፍላል። በአገር ውስጥ ሕግ የሚከፈለውም ግብር እንዲሁ የሚዘነጋ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ድካሙን ከገቢው ጋር ማመዛዘን ይገባል። ለአንድ ክፍል እንግዳ ለመጋበዝና ስለ ጉዳዩ ለማንበብ፣ ከዚያም ለመቅረጽና ለማቀናበር በጠቅላላው 20 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል ብንል በወር 80 ሰዓት ይሆናል። የተረፈው 240 ዶላር ለ80 ሰዓት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 3 ዶላር ይደርሳል። የኢንተርኔት፣ የመብራት፣ የቦታና የእንግዳ መጓጓዣ ወጪ ገና አልተነሣለትም። ይህም ቢሆን ቻናሉ ገቢ ማስገኘት ከጀመረ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ወጪ እንጂ ገቢ የላቸውም። በዚህ ወቅት ነው የብዙዎች እጅ የሚያጥረውና ሥራው የሚቋረጠው።

ስለዚህ በጥቂት ወጪ መጀመር ይገባል። ውድ ካሜራ ከመግዛት በፊት ጥሩ ማይክሮፎን መግዛት ይቀድማል፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስልን ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም። ባዶ ክፍል ድምፅን ስለሚያስተጋባ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበትን ክፍል መምረጥ ያለምንም ወጪ የሚገኝ መሻሻል ነው።

መ. እምነትና ሕግ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ እርሱም የተመልካቹ እምነት ነው። እይታ ወደ ገንዘብ በሚለወጥበት ሥራ ውስጥ ትልቁ ፈተና እይታን በማታለል ለማብዛት መሞከር ነው። በሕይወት ያለውን ሰው እንደሞተ አስመስሎ የሚጽፍ፣ ያልተነገረውን ነገር «ተነገረ» ብሎ በርዕስ የሚያወጣ አዘጋጅ አለ። ተመልካቹ ደንግጦ ይገባል፤ እንደተታለለም ባወቀ ጊዜ ወዲያው ይወጣል። ከላይ እንዳየነው ፈጥኖ የሚወጣ ተመልካች የእይታ ሰዓቱን ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ግን ያ ሰው ዳግመኛ አይመለስም። በውሸት ርዕስ የመጣው የአንድ ቀን ገቢ የዓመቱን ገቢ ይዞ ይሄዳል።

ከተመልካቹም ይልቅ የሚጎዳ አለ፤ እርሱም እንግዳው ነው። በትዳሯ የደረሰባትን መከራ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብላ የተናገረችን አንዲት እናት አስቡ። አዘጋጁ ከአንድ ሰዓት ንግግሯ መካከል እያለቀሰች ያለችበትን የግማሽ ደቂቃ ምስል ቆርጦ፣ በላዩም የሚያሳፍር ርዕስ ለጥፎ ቢያሰራጨው እይታው ይበዛ ይሆናል። ሴትየዋ ግን በማግሥቱ ወደ ገበያ ትወጣለች፤ ልጆቿም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የአዘጋጁ ሒሳብ ሲሞላ የእርሷ ስም ይጎድፋል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንደሚባለው አንድ ጊዜ የተሰራጨ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም፤ አዘጋጁ ቢያጠፋውም ሌላው ቀድቶ አስቀርቶታል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ጭውውቱ የት እንደሚወጣና ገቢ እንደሚያስገኝ ለእንግዳው መንገር፣ ከመሰራጨቱም በፊት የሚጸጽተው ነገር ካለ እንዲወጣለት መጠየቅ የሥራው ግዴታ ተደርጎ መቆጠር አለበት።

በሕግም በኩል ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የሌላውን ዘፈን ወይም ፊልም ያለፈቃድ መጠቀም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ያስጠይቃል፤ በዩቲዩብም ቢሆን የማስታወቂያው ገቢ ለዘፈኑ ባለመብት ሊተላለፍ ይችላል። ማስታወቂያ የሚናገር ሰው በ2004 ዓ.ም. የወጣውን የማስታወቂያ አዋጅ ማወቅ አለበት። ዩቲዩብም የስፖንሰር ክፍያ የተከፈለበት ቪዲዮ በግልጽ እንዲመለከት ያዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከላከለው አዋጅ ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን በከባድ ሁኔታ ይቀጣል። እንግዲህ ተከታይ በበዛ ቁጥር ኃላፊነትም አብሮ ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? የቪዲዮ ፖድካስት እንደ ሎተሪ ዕጣ የሚታይ አይደለም፤ እንደ እርሻ የሚታይ ሥራ ነው። ዘር የተዘራበት ወርና እሸት የሚበላበት ወር የተራራቁ ናቸው። ይህን ሥራ የምትመኙ ወጣቶች ካላችሁ ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችሁን ጠይቁ። ከሌላው ይልቅ በደንብ የማውቀው ወይም ለማወቅ የምጓጓለት ጉዳይ ምንድን ነው? ይህን ጉዳይ የሚሻው ሰው ማን ነው? አንድ ዓመት ሙሉ ያለክፍያ፣ ትምህርቴንም ሳልተው፣ በየሳምንቱ ልሠራው እችላለሁን? ለሦስቱም መልስ ያለው ሰው ሊጀምር ይችላል። ገቢው ቢዘገይ እንኳ የመጠየቅን፣ የማዳመጥንና ሐሳብን አቀናብሮ የመግለጽን ችሎታ ያተርፋል፤ ይህም በየትኛውም ሙያ የሚያገለግል ነው።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. በተመልካች ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት ቻናሎች በገቢ የሚለያዩት ለምንድን ነው?
2. ተመልካቾች በአማካይ 8 ደቂቃ ቢቆዩ 4,000 የእይታ ሰዓት ለመሙላት ስንት እይታ ያስፈልጋል? ስሌቱን አሳዩ።
3. የግብር ቅጽ አለመሙላት በምሳሌው አዘጋጅ ላይ የሚያስከትለው ተጨማሪ ቅናሽ እስከ ስንት ዶላር ይደርሳል?
4. ጸሐፊው ከተመልካቹ ይልቅ እንግዳው ይጎዳል ያለበትን ምክንያት በራሳችሁ ቃላት ግለጹ።

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉት ፈሊጣዊ አነጋገሮች በምንባቡ ውስጥ የሚገኙባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጉ። ትርጉማቸውንም ከጻፋችሁ በኋላ እያንዳንዱን በአዲስ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ሀ. ጆሮ ሰጠ    ለ. እጅ አጠረ    ሐ. ስም ጎደፈ    መ. በጣት የሚቆጠር

መልመጃ ሦስት፦ በባዶ ቦታዎቹ ላይ «ስለዚህ»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ይኸውም» ከሚሉት አያያዥ ቃላት ተስማሚውን አስገቡ።

1. ተከታዮቹ ጥቂቶች ናቸው፤ __________ ሁሉም ጉዳዩን በጽኑ የሚሹ ናቸው።
2. ባዶ ክፍል ድምፅን ያስተጋባል፤ __________ መጋረጃ ያለበትን ክፍል መረጡ።
3. ሥራው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ __________ ትዕግሥት ነው።

መልመጃ አራት፦ በአካባቢያችሁ ከሚሠሩት የገቢ ማስገኛ ሥራዎች አንዱን ምረጡና ምንነቱን፣ የገቢውን ምንጭ፣ ወጪውንና ከሠሪው የሚጠይቀውን ኃላፊነት የሚያብራራ ባለ አምስት አንቀጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ። ቢያንስ በአንድ አንቀጽ ውስጥ በቁጥር የተደገፈ ስሌት አሳዩ።